የሚነቀለው ሁሉ ትርፍ አይደለም፦ ስለ አሮጌው ቶዮታ ፒክአፕ ለተጻፈ ምክር ምላሽ

ባለ 22አር ሞተሩ የ1980ዎቹ ቶዮታ ፒክአፕ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ዛሬም ይሠራል፤ በወገኖቻችን ደጅም ቆሞ አየዋለሁ። ስለዚህ መኪና በቅርቡ የተጻፈ አንድ ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ኮፈኑን ከፍተው የሚያዩት የቱቦ ጫካ ያበሳጫቸዋል፤ በዚህ አይፈረድባቸውም። መፍትሔያቸው ግን የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹ ነቀላ ነው። ኢጂአሩ (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው ቫልቭ)፣ የአየር መሳቢያው (ወደ ጭሱ አየር የሚያስገባው)፣ የቤንዚን ትነት የሚይዘው የከሰል ጣሳ፣ ፒሲቪው (የዘይት ቤቱን ጭስ የሚያወጣው ቫልቭ)፣ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘርና ቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች ሁሉ ወጥተው ይጣሉ፤ ቀዳዳዎቹ በቆርቆሮና በጎማ ቆብ ይደፈኑ፤ የፋብሪካው ካርቡራቶርም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ዌበር በተባለ ጣልያናዊ ካርቡራቶር ይተካ ይላሉ። ይህን ያደረገ ሰው ጉልበት ያገኛል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ሞተሩ አይግልበትም፣ መኪናው አሮጌ ስለሆነም ሕግ አይነካውም ባይ ናቸው። በመጨረሻም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይኸው ምክር እንዲደርሰው ያሳስባሉ።

ጸሐፊው እጃቸው ብረት የለመደ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የትኛው ብሎን በየትኛው ስፓና እንደሚፈታ፣ የትኛው ዝጎ እንደሚሰበር ሳይቀር በትክክል ጽፈዋል። የሚነቀለው ዕቃ ምን ይሠራ እንደነበር ግን በአንዱም አንቀጽ የለም። ይህን ሳይናገሩ «አያስፈልግም» ወደሚል ፍርድ እንዴት እንደ ደረሱ አልገባኝም። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በመካኒክነት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ስለ አየር ብክለት ለመስበክ አልተነሣሁም። እርሱን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ፤ ቅድሚያ ስለ ሞተሩ እንነጋገር። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«የሞተሩን ጉልበት ይበላሉ»

ይህ እምነት ከየትም አልመጣም። በ1971 ጀነራል ሞተርስ ሞተሮቹ እርሳስ ባነሰበት ቤንዚን እንዲሠሩ ኮምፕሬሽናቸውን (ቅልቅሉ ከመንደዱ በፊት የሚጨመቅበትን ልክ) ዝቅ አደረገ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። በ1972 ደግሞ የፈረስ ጉልበት የሚለካበት መንገድ ተቀየረ። ቀድሞ ራቁቱን የሚለካው ሞተር ከዚያ ወዲህ ማርሚታውን፣ የአየር ማጣሪያውንና ዲናሞውን እንደ ተሸከመ ይለካ ጀመር። በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ባለቤቱ ኮፈኑን ሲከፍት ያየው አዲስ ነገር የአየር ፖምፓና ቱቦ ስለነበር ጥፋቱ ሁሉ በእነርሱ ላይ ተለጠፈ። ፖምፓውን የነቀለ ሰው ግን ዝቅ ያለውን ኮምፕሬሽን አላስመለሰም።

ወደ 22አር እንምጣ። ባለ 2,366 ሲሲው ሞተር በካርቡራቶር ለአሜሪካ ሲቀርብ ገና አዲስ ሳለም ጉልበቱ መቶ የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ዝግ ብሎ ብዙ የሚሸከም እንጂ የሚፈተለክ ሞተር አይደለም። በዚህ ሞተር ላይ ኢጂአሩ የሚከፈተው ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል) ሲደርሰው ነው። ቫኪዩሙ የሚመጣውም ከካርቡራቶሩ ውስጥ፣ ከስሮትሉ (መርገጫው የሚከፍተው የአየር በር) ሳህን ጠርዝ አጠገብ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (መርገጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ ሳህኑ ዝግ ስለሆነ ቀዳዳዋ ቫኪዩም አታገኝም። መርገጫውን እስከ ወለሉ ስትረግጡት ደግሞ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ራሱ ይጠፋል። በሁለቱም ጊዜ ኢጂአሩ ተዘግቷል። አቀበት ላይ ጉልበት በምትፈልጉበት ሰዓት ዝግ ሆኖ የተቀመጠ ቫልቭ ከጉልበታችሁ ምን ሊወስድ ይችላል?

ጸሐፊው የአየር ፖምፓው በቺንጋ ስለሚዞር ሞተሩን ያደክማል ይላሉ። በብዙዎቹ ባለ 22አር ፒክአፖች ላይ በቺንጋ የሚዞር የአየር ፖምፓ የለም። ያለው የጭሱን ምት ተጠቅሞ አየር የሚስብ ባለ ምላስ ቫልቭ ነው፤ ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበት የለም። ነጥቡ ከአሜሪካኖቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናዎች ተገልብጦ የመጣ ይመስለኛል። እውነተኛ ፖምፓ ባለው መኪና ላይ ኩሽኔታው ተበልቶ ቺንጋ መቁረጥ ከጀመረ እንዲሁ ይተው አልልም፤ መቀየር አለበት። በደኅናው ፖምፓ ላይ ግን የምንጨቃጨቀው ስለ አንድ ወይም ስለ ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው።

ካታላይዘሩን በተመለከተ ግማሽ እውነት አላቸው። የተደፈነ ካታላይዘር ሞተሩን ያንቃል፤ መኪናው ሲጫን ይሞታል። መደፈኑን ግን መለካት ይቻላል። የቫኪዩም መለኪያ ከማኒፎልዱ ጋር አገናኙና ሞተሩን በ2,500 ዙር ያዙት። ንባቡ እየቆየ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ጭሱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ካታላይዘሩ ይቀየር። ለምን እንደ ተደፈነም ይጠየቅ፤ ካታላይዘር ራሱን አይደፍንም፤ ዘይት የሚያቃጥል ወይም ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር ነው የሚደፍነው። ይህን ሳያስተካክሉ ቧንቧ መቀጠል በሽታውን ትቶ ምልክቱን መደበቅ ነው።

«ኢጂአር ሞተሩን ያግላል»

ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ የሆኑበት ነጥብ ይህ ነው፤ በጣም የተሳሳቱበትም ይኸው ነው። ክርክራቸው ሲሰሙት ልክ ይመስላል፦ ጭስ ትኩስ ነው፤ ኢጂአር ትኩሱን ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይግላል።

የተቃጠለ ጭስ ዳግመኛ አይነድም። ወደ ሲሊንደሩ ሲመለስ ቦታ ይይዛል፣ ሙቀት ይቀበላል፣ ቃጠሎውንም ያዘገያል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን የሚያዳፍኑበት አመድ ራሱ ትኩስ ነው፤ ሆኖም እሳቱን ያበርደዋል እንጂ አያባብሰውም። የኢጂአር ሥራም እንዲሁ ነው። በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክስጅን በብዛት መጣመር የሚጀምሩት የነበልባሉ ሙቀት 1,370 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያልፍ ነው። ኢጂአር የተሠራው ነበልባሉ ከዚያ ጣሪያ እንዳያልፍ ነው። መሐንዲሶቹ ያሰቡት ስለ ጭስ ነበር፤ ጥቅሙ ግን ለፒስተኑም ተርፏል።

ሲነቀል ምን ይሆናል? ሞተሩ በመካከለኛ ጭነት፣ ማለትም በአውራ ጎዳና ላይ በረጅሙ ሲነዳ ወይም ለስላሳ ዳገት ሲወጣ፣ ነበልባሉ ይግላል። ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ግን አሁንም ብልጭታውን የሚያስቀድመው ኢጂአር አለ ተብሎ በተሰላው ልክ ነው። በጭስ የተቀጠነ ቅልቅል ቀስ ብሎ ስለሚነድ ብልጭታው ቀደም ማለት ነበረበት፤ ጭሱ ሲቀር ያው ብልጭታ ከሚገባው በላይ የቀደመ ይሆናል። ውጤቱ ማንኳኳት ነው። በመርገጫው ላይ ጫን ስትሉ የሚሰማው ያ የብረት ጠጠር ድምፅ በፒስተኑ ቀለበቶች መካከል ያለውን ድልድይ የሚሰብር፣ የቴስታታውን ጋስኬት የሚያቃጥል ነው። «ታይሚንጉን (የብልጭታውን ሰዓት) ትንሽ ብታዘገዩት ይተወዋል» ይላሉ ጸሐፊው። ይተወዋል፤ ግን ታይሚንግ ሲዘገይ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይጨምራል፣ ጭሱም ይበልጥ ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ሊያገኙት የተነሡትን ሦስቱንም በዚችው ምክር አጡት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ብዙ 22አርን የገደለው ኢጂአር አይደለም፤ የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚመሩት ፕላስቲኮች ናቸው። ፕላስቲኩ ይሰበራል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ የፊት ሽፋኑን እየፈጨ የውሃውን መንገድ እስኪበሳው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል የሚንኮሻኮሽ ፒክአፕ ይዞ ኢጂአር ለመንቀል ቅዳሜን የሚያባክን ሰው ቅዳሜውን ለሰንሰለቱ ቢሰጠው ይሻለው ነበር።

«ቤንዚን ይቆጥባል»

ከላይ ካልሁት ይህ ነጥብ ግማሹ ወድቋል። የቀረው ግማሽ ደግሞ አስገራሚ ነው፦ በቤንዚን ሞተር ላይ ደኅና ኢጂአር በመካከለኛ ጭነት ነዳጅ ሊቆጥብ ይችላል። ሞተሩ በከፊል በተዘጋ ስሮትል በኩል አየር ለመሳብ የሚያወጣው ጉልበት አለ፤ ሲሊንደሩ በከፊል በጭስ ሲሞላ ያ ትግል ይቀንሳል። ፒክአፓችሁ ቤንዚን የሚያበዛ ከሆነ ቾኩ ተጣብቆ እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚሠራ እንደሆነ፣ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ፣ ጎማው ነፋስ እንዳነሰው እዩ። ሁሉም ከነቀላ ይረክሳሉ።

«ቶዮታ ራሱ ያለ እነዚህ ዕቃዎች ሸጦታል»

ከጸሐፊው ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። እንዲህ ይላሉ፦ ወደ አፍሪካና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የተላከው ሂሉክስ ያው 22አር ሞተር ነበረው፤ ካታላይዘርም ያ ሁሉ ቱቦም አልነበረውም፤ በበረሃ ለዓመታት ሠርቷል። እንግዲያው ዕቃዎቹ ለአሜሪካ መንግሥት እንጂ ለሞተሩ አልተሠሩም።

ሂሉክሱ መሥራቱ እውነት ነው። ያ መኪና ግን ከአሜሪካው መኪና ላይ ዕቃ ተነቅሎ የተሠራ አይደለም። ካርቡራቶሩ ሌላ ነበር፤ የቤንዚን ቀዳዳዎቹ ልክ የተለየ ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ ብልጭታውን የሚያስቀድምበት ልክም የተለየ ነበር። ፋብሪካው ኢጂአር የሌለውን ሞተር ኢጂአር እንደሌለው አድርጎ አስተካክሎ ሸጠው፤ ኢጂአር ያለውንም እንደዚያው። ጸሐፊው የሚመክሩት ሦስተኛ ሞተር ነው፦ የአሜሪካው ዲስትሪቢዩተር፣ ጣልያናዊ ካርቡራቶር፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎች። እንዲህ ያለውን ሞተር ቶዮታ በየትኛውም አገር ሸጦ አያውቅም።

ዌበሩም እንዲሁ ተወርውሮ የሚገጠም ዕቃ አይደለም። መጥፎ ካርቡራቶር ነው አልልም፤ ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ግን ከሳጥኑ ወጥቶ ሳይስተካከል የሚገጠመው ዌበር ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ያበዛል፤ ካታላይዘሩን ያልነቀለ ሰው ላይ ደግሞ ያ የበዛ ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ እየነደደ ያቀልጠዋል። የአየርና የቤንዚኑን ልክ የሚያሳይ መለኪያ ሳይዙ በጆሮና በአፍንጫ ዌበር የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ። ችሎታቸውን አደንቃለሁ፤ የሚያወጡትን የቤንዚን ደረሰኝ ግን አላደንቅም።

«ቱቦዎቹ የችግር ሁሉ ምንጭ ናቸው»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አብሬ ልቁም። ሠላሳ አምስትና አርባ ዓመት ከሞተር ሙቀት ጋር የኖረ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ይሰፋል። አንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ አየር ስታስገባ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲፋጠን ይደናቀፋል። ይህን ያየ ባለቤት ዕቃውን ሁሉ ቢጠላ አይገርምም። ነገር ግን የተሰነጠቀው ጎማው ነው። ጎማው በሜትር ይሸጣል፤ ጥቂት ሜትር ሁሉንም ይበቃል።

አሠራሩ ይኸው ነው። ከኮፈኑ ሥር የቱቦዎቹ ካርታ የታተመበት መለያ ወረቀት ተለጥፏል፤ የደበዘዘ ከሆነ የጥገና መጽሐፉ ውስጥ አለ። ከመንካታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንሡ። ከዚያ አንዲቱን ቱቦ አውጡ፣ በዚያው ርዝመትና ውፍረት አዲስ ቁረጡ፣ መልሱ፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው ለመደፈን የሚገደደው ያኔ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው «የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም» ሲሉ እንዲህ የደረሰባቸው ሆኖ ተሰምቶኛል።

ቱቦዎቹ አዲስ ከሆኑ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መፈተን የሚቻለው በእጅ በሚሠራ የቫኪዩም ፖምፓ ነው፤ በየመለዋወጫ መደብሩ አለ፣ አንዳንዶቹም በነፃ ያውሱታል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ፖምፓውን ከኢጂአሩ አናት ጋር አገናኙና ሳቡ። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ከጠፋ ወይም ሊጠፋ ከቃጣ ቫልቩ ይከፈታል፣ መተላለፊያውም ክፍት ነው፤ ኢጂአራችሁ ደኅና ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ወይ የቫልቩ ሽፋን ተቀዷል፤ ፖምፓው ቫኪዩም መያዝ ሲያቅተው ያሳያችኋል። ወይ ደግሞ መተላለፊያው በጥላሸት ተደፍኗል፤ ይህ ተፈትቶ ይጠረጋል። ቫኪዩም ሳትሰጡት ሚኒሞው አስቀድሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ላይዘጋ ይችላል፤ ከመቀመጫው ሥር የገባች የጥላሸት ፍርፋሪ ትበቃዋለች። በቶዮታ ላይ ከኢጂአሩ አጠገብ ያለችው ክብ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቫኪዩሙን የምትመጥነው፣ ከክዳኗ ሥር ትንሽ ማጣሪያ አላት። ይህች ማጣሪያ ስትቆሽሽ ኢጂአሩ በማይገባው ሰዓት ይሠራል፤ ባለቤቱም «ኢጂአሬ ተበላሸ» ይላል። ማጣሪያውን አውጥቶ በአየር መንፋት ምንም አያስወጣም።

ከሞተሩ ውሃ ጋር የሚገናኙት፣ ሙቀት ሲደርስ ቫኪዩም የሚያሳልፉት ቫልቮች በአፍ ተነፍቶባቸው ይፈተናሉ፤ ሲቀዘቅዙ አንዱን መንገድ፣ ሲሞቁ ሌላውን ይከፍታሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ከዚህ በኋላም የማይሠራ ዕቃ ከተገኘ ቢያንስ የትኛው እንደሆነ ታውቋል።

«የከሰል ጣሳው ባዶ ጣሳ ነው»

ባዶ አይደለም፤ በከሰል የተሞላ ነው። ከታንኩ የሚወጣውን የቤንዚን ትነት ከሰሉ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ስቦ ያቃጥለዋል። ሲነቀል ትነቱ መሄጃ ያስፈልገዋል። ቱቦውን ከደፈኑት ታንኩ በሙቀት ይወጠራል ወይም ቤንዚን ሲያልቅ በቫኪዩም ይጨመቃል፤ የቤንዚን ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል። ክፍት ከተዉት የቤንዚን ትነት ኮፈኑ ሥር፣ ከትኩስ ማኒፎልድና ከብልጭታ አጠገብ ይወጣል። በዚህ አገር ብዙ ቤት ጋራዡ ከመኖሪያው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ በጋራዡ ውስጥ ደግሞ በእሳት የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ የቆመበት ቤት ጥቂት አይደለም። ጸሐፊው ይህን ያዩ አይመስለኝም።

ስለ ፒሲቪው ደግሞ ክርክር እንኳ አያስፈልግም። ከፒስተኑ አልፎ ወደ ዘይት ቤቱ የሚወርደውን ጭስና እርጥበት ስቦ የሚያወጣ፣ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ቫልቭ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በመኪናዎች ላይ ተገጥሟል። ሲነቀል ዘይቱ ወደ ዝቃጭ ይለወጣል፣ ግፊቱ ዘይት የሚይዙትን ጎማዎች ገፍቶ ያወጣል፤ መኪናው የቆመበት ሁሉ ይንጠባጠባል። የጭስ ዕቃ ተብሎ ከሌሎቹ ጋር መቆጠሩ ራሱ ዕድለ ቢስነት ነው።

«ሕጉ አሮጌ መኪና አይመለከትም»

ጸሐፊው ሁለት ነገር አደባልቀዋል። በሰሜን ቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ከምርመራ ነፃ መሆን ግን ለመንቀል ፈቃድ አይደለም። በዚሁ በቨርጂኒያ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ያለ መኪና የጭስ መቆጣጠሪያው ዋና ክፍል ተነቅሎ ወይም ተቋርጦ ከተገኘ በዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ ሊወድቅ ይችላል፤ ለዚህ የዕድሜ ጣሪያ አልተቀመጠም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ያለውን የቤንዚን መኪና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ትመረምራለች፤ መርማሪው ጭሱን ከመለካት አልፎ ኮፈኑን ከፍቶ ዕቃው በቦታው መኖሩን ያያል። ጭሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አንዲት ቱቦ ከጎደለች ይወድቃል።

ፌዴራላዊው የንጹሕ አየር ሕግም አለ። ነቀላን ቀድሞ የከለከለው በፋብሪካ፣ በሻጭና በጋራዥ ላይ ነበር፤ በ1990 ተሻሽሎ «ማንኛውም ሰው» የሚል ሆነ። መኪናው ስንት ዓመት ሲሞላው ክልከላው እንደሚያበቃ የሚናገር ቃል የለበትም። ለግለሰብ የተቀመጠው ቅጣት መጀመሪያ እስከ 2,500 ዶላር ነበር፤ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ጨምሯል። የመንግሥት ሰው ደጃችሁ መጥቶ ኮፈን ያስከፍታል ብዬ አላስፈራራም፤ የሚያተኩሩት በሻጮችና በጋራዦች ላይ ነው። ለዚህም ነው የጸሐፊው ምክር እኔን የሚያስከፋኝ። «መካኒካችሁ ያንሣላችሁ» ሲሉ ለባለቤቱ ሳይሆን ለመካኒኩ ቅጣት እየጋበዙ ነው። በ2020 በዩታ የሚገኝ ፌዴራላዊ ፍርድ ቤት በቴሌቪዥን የታወቁ የናፍጣ ፒክአፕ አሻሻዮችን ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ቀጥቷል። ይግባኝ ሰሚው ችሎት የቅጣቱ መጠን እንደገና እንዲታይ ቢመልሰውም የጥፋተኝነት ውሳኔው አብዛኛው ክፍል አልተለወጠም። ከሳሹም መንግሥት አልነበረም፤ የሐኪሞች ማኅበር ነበር።

በሕግ የሚፈቀድ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ከፋብሪካው ውጪ የተሠራ ዕቃ በካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ተፈትኖ የፈቃድ ቁጥር ካገኘ ይገጠማል። የተሻለ ሞተር መቀየር የሚፈልግም ሞተሩ ከመኪናው ያላረጀ ሆኖ ከነጭስ ዕቃዎቹ ከመጣ ይፈቀድለታል። ያን ጊዜ የአሮጌው ሞተር ትርፍራፊ፣ ምንም ነገር ያልተያያዘበት መያዣና የተቆረጠ ቧንቧ፣ በእርግጥም የማያስፈልግ ነው፤ ይነቀል።

«አዲስ አበባ ላለው ዘመዳችሁም ንገሩት»

እባካችሁ አትንገሩት። ካርቡራቶር የአየሩን መቅጠን አያውቅም፤ ከባሕር ጠለል አጠገብ እንዳለ አድርጎ ቤንዚን ይለካል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ቅልቅሉ ላይ ቤንዚን ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ የደከመ ሞተር ይሆናል። ጸሐፊው ነቅላችሁ ጣሉ ካሏቸው ዕቃዎች አንዷ በአንዳንድ የ22አር ሞዴሎች ላይ የምትገኘው የከፍታ ማካካሻ ናት። ከ1,200 ሜትር ገደማ በላይ ስትደርስ ለካርቡራቶሩ ተጨማሪ አየር ታሳልፋለች። ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ፣ ለደብረ ብርሃን መንገድ በዓላማ የተሠራች ያህል የምትስማማው ዕቃ እርሷው ነች። ዴንቨር ላሉት ወገኖቻችንም እንዲሁ፤ ከተማቸው 1,600 ሜትር ላይ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏ በ2024 መጀመሪያ ተነግሯል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእንግዲህ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ይኖርበታል። ነቅሎ ለመጣል ይህ የመጨረሻው መጥፎ ጊዜ ነው።

«የአንድ መኪና ጭስ ምን ያመጣል?»

ምንም አያመጣም፤ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ በሚሆኑ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያ ተነቅሏል። እነዚህ መኪናዎች በዕድሜያቸው ከ570,000 ቶን በላይ ተጨማሪ የናይትሮጅን ኦክሳይድ እንደሚያወጡ አስልቷል፤ ዕቃቸው ያልተነካ ዘጠኝ ሚሊዮን ፒክአፖች መንገድ ላይ የተጨመሩ ያህል ማለት ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የነቀለው ከአንድ መኪና ላይ ነበር። የእኛ 22አር ናፍጣ ባይሆንም የሚወጣው ጋዝ ያው ነው፤ ከቤንዚን ትነት ጋር በፀሐይ ሲገናኝ ሎስ አንጀለስን በ1940ዎቹ ያስለቀሰውን ጭጋግ ይፈጥራል። ይህን አየር ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚተነፍሰው መንገድ ዳር ያለው ነው።

ጸሐፊው ምክራቸውን የሚዘጉት «የነቀላችሁትን ወደ ቆሻሻ ገንዳ ወርውሩት» ብለው ነው። የጻፍሁትን ሁሉ ሳትቀበሉ ነቀላውን የምትገፉበት ከሆነ እንኳ ይህችን አንዷን አትፈጽሙ። ለ22አር ካርቡራቶር የተሠሩት የቫኪዩም ቫልቮችና መጣኞች ብዙዎቹ ዛሬ በአዲስ አይመረቱም፤ አሮጌው የሚገኘው ከተጣሉ መኪናዎች ነው፣ ዋጋውም ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። ዕቃዎቹን ወዴት ይሄዱ እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ፣ ከመቀመጫው ጀርባ አስቀምጡ። መኪናውን ካሊፎርኒያ ለሚኖር ሰው ስትሸጡ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለዚያ ከረጢት ነው።